የጎንደር ታሪክ በሩቅ አገር ገንዘብ፦ አነስተኛ በጀት ያላቸው ፊልሞች ማን ይደግፋቸው? ለማንስ ይታዩ?

እ.ኤ.አ በ2008 በጣሊያኗ ቬኒስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ላይ "ጤዛ" የተሰኘው ፊልም የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አሸነፈ። ፊልሙ በቀጣዩ ዓመት በቡርኪናፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ በተካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ ፌስፓኮ፣ የውድድሩን ታላቅ ሽልማት የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ ወሰደ። የፊልሙ አዘጋጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ልጅ ናቸው። ታሪኩም በጀርመን የሕክምና ሳይንስ ተምሮ ከጣና ሐይቅ ዳርቻ ወደምትገኘው የትውልድ መንደሩ የተመለሰው የአንበርብር ታሪክ ነው። እናቱን፣ የመንደሩን ሰው፣ ከግዳጅ ምልመላ ሸሽተው በዋሻ የተደበቁ ወጣቶችን እናያለን። ጭጋጉም፣ ኮረብታውም፣ ቋንቋውም የዚያው አካባቢ ነው።

ገንዘቡ ግን የዚያ አካባቢ አልነበረም። ፊልሙ ከሃሳብ ተነስቶ ለዕይታ እስኪበቃ ከአስር ዓመት በላይ የወሰደ ሲሆን፣ የኢትዮጵያው ቀረጻ ከተጠናቀቀ በኋላ የጀርመኑን ክፍል ለመቅረጽ የሚያስፈልገው ገንዘብ እስኪገኝ ሥራው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር። በመጨረሻ ከጀርመን የፊልም ሰዎች ጋር በተደረገ ትብብር፣ በተለይም በታዋቂው ፕሮዲዩሰር ካርል ባውምጋርትነር ተሳትፎ፣ ሥራው ከፍጻሜ ደርሷል።

ይህ እውነታ በጎንደርና በቀድሞው የሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ለሚገኙ የፊልም ባለሙያዎች አንድ ጥያቄ ያስነሳል። ታሪኩ፣ መልክዓ ምድሩና ተዋናዩ በእጅ እያሉ ፊልሙን ለመሥራት የሚያስፈልገው አነስተኛ ገንዘብ ለምን ከሩቅ ይፈለጋል? ፊልሙ ከተሠራ በኋላስ የትኛው ዕድሜ ላይ ያለ ተመልካች ሊያየው እንደሚገባ የሚወስነው ማን ነው? ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ገንዘብ ያወጣው ወገን ተመልካቹን ያስባል፤ ተመልካቹን የሚወስነው ደግሞ የዕድሜ ምደባው ነው። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ሲጎድል ሌሎቹም ይላላሉ።

ከጎንደር እስከ ዋሽንግተን

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ በ1946 በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው አቶ ገሪማ ታፈረ መምህር፣ የቴአትር ሰውና "ጎንደሬ በጋሻው" የተሰኘውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉ ደራሲ ናቸው። ልጃቸው የመድረክን ፍቅር ከአባታቸው ወርሰው እ.ኤ.አ በ1967 ወደ አሜሪካ አቀኑ። በቺካጎ የቴአትር ትምህርት ጀምረው ቆይተው ወደ ሎስ አንጀለስ በመዛወር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አጠኑ። በኋላም በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል።

የመጀመሪያው ታላቅ ሥራቸው "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" እ.ኤ.አ በ1974 በአብዮቱ ወቅት በኢትዮጵያ የተቀረጸና እ.ኤ.አ በ1976 ለዕይታ የበቃ ነው። ቀረጻው የተከናወነው በጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲሆን የተጠቀሙበትም ጥቁርና ነጭ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። በባለርስት ሥር የሚማቅቅ የገበሬ ቤተሰብን ሕይወት የሚያሳየው ይህ ፊልም በአነስተኛ ወጪ ተሠርቶ ዛሬም በዓለም የሲኒማ ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሳ ሆኗል።

"ሳንኮፋ" የተባለው የባሪያ ንግድን የሚመለከተው ፊልማቸው እ.ኤ.አ በ1993 ሲወጣ ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። ፊልሙ በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር የቀረበ ቢሆንም የአሜሪካ አከፋፋዮች ሊወስዱት አልፈቀዱም። አዘጋጁም በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይተው ፊልሙን ራሳቸው አሳዩ። ተመልካቹ እየጎረፈ ዕይታው ለሳምንታት ዘለቀ፤ ከዚያም በማኅበረሰቡ ትብብር ወደ ሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ተዛመተ። እ.ኤ.አ በ2021 ፊልሙ ታድሶ በኔትፍሊክስ አማካኝነት ለዓለም ተመልካች ቀርቧል።

ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር መረዳት ይቻላል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ፊልሞቻቸውን ያጠናቀቁት በግል ጽናት ነው። ጽናት ግን የአንድ ሰው ሀብት እንጂ የአንድ አገር ሥርዓት አይደለም። አንድ አዘጋጅ አንድ ፊልም ለመጨረስ ከአስር ዓመት በላይ የሚጠብቅ ከሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊሠሩ ይችሉ የነበሩት ሌሎች ፊልሞች ሳይሠሩ ቀርተዋል ማለት ነው። ጽናቱ የሌላቸው ወይም ወደ ውጭ የመውጣት ዕድል ያላገኙ የጎንደር ወጣቶች ታሪክም ከወረቀት ሳያልፍ ቀርቷል።

ገንዘቡ ከየት ይገኛል?

በዚህ ረገድ የብሪታንያ ልምድ ለንጽጽር የሚጠቅም ነው። ብሪታንያ እንደ አሜሪካ ግዙፍ የፊልም ኩባንያዎች ባለቤት አይደለችም፤ የሆሊውድ ፊልሞች በተመሳሳይ ቋንቋ ስለሚቀርቡም የአገር ውስጡ ፊልም ብርቱ ፉክክር አለበት። በመሆኑም የብሪታንያ አነስተኛ በጀት ፊልሞች በአንድ ምንጭ ላይ አይመሠረቱም።

የመጀመሪያው ምንጭ የሕዝብ ገንዘብ ነው። የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት ከብሔራዊ ሎተሪ ከሚገኘው ገቢ ለመልካም ተግባራት ከሚመደበው ድርሻ ለፊልም ጽሑፍ ዝግጅትና ለቀረጻ ድጋፍ ይሰጣል። ሁለተኛው የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ናቸው፤ ቢቢሲና ቻናል 4 የየራሳቸው የፊልም ክፍሎች ስላሏቸው ለፊልሙ ገንዘብ አስቀድመው ያወጣሉ፣ በምላሹም የማሳየት መብት ያገኛሉ። ፕሮፌሰር ኃይሌም ከደርግ ውድቀት በኋላ የነበረችውን ኢትዮጵያ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ በ1994 ለቢቢሲ ሠርተዋል።

ሦስተኛው ምንጭ የታክስ ማበረታቻ ነው። እ.ኤ.አ በ2024 ይፋ የተደረገው የገለልተኛ ፊልሞች የታክስ ክሬዲት በጀታቸው አነስተኛ ለሆነ ፊልሞች 53 በመቶ የሚደርስ ክሬዲት የሚፈቅድ ሲሆን፣ ታክሱ ሲቀነስ ብቁ ከሆነው ወጪ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ለአምራቹ ይመለሳል። ይህን መብት ለማግኘት ፊልሙ "ብሪታንያዊ" መሆኑን በነጥብ በሚለካ የባህል መመዘኛ ማረጋገጥ አለበት። ታሪኩ የሚፈጸምበት ቦታ፣ የገጸ ባሕርያቱ ማንነት፣ የንግግሩ ቋንቋ፣ ሥራው የሚከናወንበት ስፍራና የባለሙያዎቹ ዜግነት ነጥብ ያሰጣሉ፤ ከ35 ነጥብ 18 ያገኘ ያልፋል።

አራተኛው ደግሞ የአካባቢ ተቋማት ድጋፍ ነው። የለንደን ከተማ የፊልም ተቋም እ.ኤ.አ በ2006 በጀቱ ከ100 ሺህ ፓውንድ የማይበልጥ ፊልም የሚሠሩ ጀማሪዎችን የሚደግፍ መርሐ ግብር ጀመረ። በዚህ መርሐ ግብር የተሠራው "ሺፍቲ" የተባለው ፊልም በ18 ቀናት ቀረጻ ተጠናቆ እ.ኤ.አ በ2008 ወጥቷል። ገንዘቡ በብሪታንያ መለኪያ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከገንዘቡ ጋር የሙያ ምክርና የሥራ ልምድ ያለው አማካሪ አብሮ ይሰጥ ነበር።

እርግጥ ነው፣ በብሪታንያም ቢሆን ከኪሱ አውጥቶ የሚሠራ አይጠፋም። ዛሬ በትላልቅ ፊልሞቹ የሚታወቀው ክሪስቶፈር ኖላን እ.ኤ.አ በ1998 የወጣውን "ፎሎዊንግ" የተባለ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን በስድስት ሺህ ዶላር ገደማ ሠርቶታል። ተዋንያኑ ሳምንቱን ሙሉ በየሥራቸው ስለሚውሉ ቀረጻው የሚካሄደው ቅዳሜና እሁድ ነበር፤ በዚህ ሁኔታም አንድ ዓመት ገደማ ወሰደ። ፊልም እንዳይባክን ትዕይንቱ አስቀድሞ በደንብ ይለማመዱት ስለነበር አብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይቀረጽ ነበር። ልዩነቱ፣ በዚህ መንገድ ራሱን ያስመሰከረ ሰው ቀጥሎ የሚያንኳኳው በር መኖሩ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ መንግሥት በፊልም ሥራ ላይ የተሳተፈበት ዘመን ነበር። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን በሰለሞን በቀለ ወያ የተዘጋጀውን "አስቴር" የመሰሉ ፊልሞችን አቅርቧል። ኮርፖሬሽኑ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ የተዘጋ ሲሆን ቦታውን የተካ የገንዘብ ምንጭ ሳይፈጠር ቆየ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ርካሽ የቪዲዮ ካሜራዎች ሲመጡ የግል አምራቾች ክፍተቱን ሞሉት። ቴዎድሮስ ተሾመ፣ ሰራዊት ፍቅሬና ሌሎችም በሠሯቸው ፊልሞች ተመልካቹ በሲኒማ ቤት ደጃፍ ተሰለፈ። ያለ አንዳች የመንግሥት ድጎማ የራሱን ተመልካች ያፈራ ኢንዱስትሪ መፈጠሩ በአፍሪካ ደረጃ ሲታይም የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ ብቸኛው የገንዘብ ምንጭ የመግቢያ ትኬት ሲሆን አደጋው የጎላ ነው። ለማስረዳት ያህል አንድ ፊልም ሦስት ሚሊዮን ብር ወጣበት እንበል። ባለ 300 መቀመጫ አዳራሽ በ100 ብር ትኬት ሙሉ በሙሉ ቢሞላ ገቢው 30 ሺህ ብር ነው። ከዚህ ግማሹ ለሲኒማ ቤቱ ቢሆን ለአምራቹ 15 ሺህ ብር ይቀራል። ግብሩና የማስታወቂያው ወጪ ሳይታሰብ፣ ፊልሙ ወጪውን ብቻ ለመመለስ አንድም ወንበር ባዶ ሳይሆን 200 ጊዜ መታየት አለበት ማለት ነው። ይህን ስሌት የሚያውቅ አምራች አዲስ ነገር ለመሞከር ቢፈራ አያስገርምም። በመሆኑም ታሪኩ በአዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ የሚያልቅ፣ ተዋናዩም አስቀድሞ የሚታወቅ ይሆናል። የወገራ ገበሬ ወይም የጃናሞራ እረኛ ታሪክ ሩቅ፣ ውድና አጠራጣሪ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ የውጭ ትብብር ነው። እ.ኤ.አ በ2015 በፈረንሳዩ የካን ፌስቲቫል በይፋ ከተመረጡ ፊልሞች ጎራ በመሰለፍ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም የሆነው የያሬድ ዘለቀ "ላም" (በግ እንደ ማለት ነው) የተሠራው ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ኖርዌይን ባሳተፈ ትብብር ነው። ይህ መንገድ የኢትዮጵያን ፊልም ለዓለም ያስተዋወቀ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። ችግሩ የአውሮፓ የፊልም ፈንዶች ብዙ ጊዜ ገንዘቡ በከፊል በራሳቸው አገር እንዲወጣ የሚፈልጉ መሆናቸው ነው። በመሆኑም የድምፅና የምስል ቅንብሩ እዚያው ይሠራል፤ ሙያውም እዚያው ይቀራል። ከዚያም በላይ ፊልሙ በየፌስቲቫሉ ዞሮ ዞሮ ለጎንደር ተመልካች የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዲሉ ይሆናል።

ቀረጻ በደጋው አገር

አነስተኛ በጀት ያለው ፊልም የሚያተርፈው በጊዜ ነው። እያንዳንዱ የቀረጻ ቀን የካሜራ ኪራይ፣ የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ወጪ አለው። በሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ ሂሳብ የራሱ ጠባይ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ዝናቡና ጭጋጉ ቀኑን ይበሉታል። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፤ ብርሃኑ ያለ ተጨማሪ መብራት ያሠራል፤ አዝመራውና አውድማውም ያለ ወጪ የተሠራ ትዕይንት ነው። ሙያውን የሚያውቅ አዘጋጅ የፊልሙን ጽሑፍ ከዚህ የዘመን አቆጣጠር ጋር ያስማማል።

የቦታዎቹ ብዛት ሌላው ጸጋ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ፋሲል የቆረቆሯት ጎንደር እ.ኤ.አ በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግቢን ይዛለች። በፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠሩት ሕንጻዎች፣ የሲኒማ አዳራሹን ጨምሮ፣ የ1930ዎቹን ታሪክ ለሚቀርጽ ሰው ዝግጁ ናቸው። ከከተማዋ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሲጓዙ ደባርቅ ይደረሳል፤ ከዚያ በላይ ዋልያና ጭላዳ የሚገኙበት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አለ። በቅርብ ርቀት ውስጥ ቤተ መንግሥት፣ የሐይቅ ዳርቻና አራት ሺህ ሜትር የሚሻገር ተራራ ማግኘት ለፊልም ሰው ብርቅ ነው።

ጸጋው ግን ብዙ ደጆችን ማንኳኳት ይጠይቃል። በቅርስ ስፍራ ለመቅረጽ የቅርስና የባህል ተቋማትን፣ በፓርኩ ውስጥ ለመቅረጽ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን፣ በአብያተ ክርስቲያናት ለመቅረጽ ሀገረ ስብከቱንና ደብሩን፣ በመንገድ ላይ ለመቅረጽ ደግሞ አስተዳደሩንና ፖሊስን ማስፈቀድ የግድ ነው። እያንዳንዱ ፈቃድ የራሱ ምክንያት አለው፤ ቅርስ ካልተጠበቀ ነገ የሚቀረጽ አይኖርም። ነገር ግን ፈቃዱ ከአምስት ቢሮ ሲለመን በመኪና ኪራይ ላይ የሚባክነው ቀን ለባለጸጋው ኩባንያ ትንሽ፣ ለአነስተኛው አምራች ግን የፊልሙ ዕጣ ፈንታ ነው።

በቅርብ ዓመታት ሌሎች ጫናዎችም ታክለዋል። እ.ኤ.አ ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው የጸጥታ ችግር ከከተማ ውጪ የሚደረግን ጉዞ አዳጋች አድርጎታል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገቡ ካሜራዎች፣ ሌንሶችና የመረጃ ማከማቻዎች በብር ሲሰሉ ዋጋቸው ንሯል። እነዚህ ሁኔታዎች የአካባቢው ባለሙያ በራሱ ቀዬ፣ በራሱ ሰው፣ በአነስተኛ ቡድን መሥራት እንዲችል ማድረግን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርጉታል። ከአዲስ አበባ ሠላሳ ሰው ጭኖ ከመምጣት ይልቅ በጎንደር አሥር የሠለጠነ ባለሙያ ማግኘት ወጪውንም ስጋቱንም ይቀንሳል።

ለማን ይታይ?

የገንዘቡና የቀረጻው ነገር ከታለፈ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የዕድሜ ምደባ ነው። በአገራችን ሲኒማ ሲጀመር በአዲስ አበባ የነበረውን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ "የሰይጣን ቤት" ብሎት እንደነበር ይታወቃል። ያ ስያሜ በራሱ የዕድሜ ምደባ ነበር ማለት ይቻላል፤ ለትንሹም ለትልቁም "አይገባም" የሚል። ከዚያ ወዲህ በንጉሡም ሆነ በደርግ ዘመን የነበረው አሠራር ሳንሱር ነው። ሳንሱር የሚጠይቀው "ይህ ይታይ ወይስ አይታይ?" ብሎ ነው። የዕድሜ ምደባ ግን "ይህ ለማን ይታይ?" ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱን መለየት የጉዳዩ እምብርት ነው።

በኅዳር ወር 1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ልዩነቱን በግልጽ አስቀምጦታል። አንቀጽ 29 ማንኛውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራ ይከለክላል፤ በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 6 ደግሞ የወጣቶችን ደህንነት ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደነገግ እንደሚችል ይገልጻል። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ከጸያፍ ትርኢት ይጠብቃል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሕጻናትን ጥበቃ የሚመለከት ቢሆንም ዋና ትኩረቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስርጭት ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም የወጣው የፊልም ፖሊሲ ደግሞ ዘርፉ እንደ አንድ ኢንዱስትሪ እንዲታይ መሠረት ጥሏል። መሠረቱ አለ ማለት ነው። በሲኒማ ቤት ደጃፍ በሚሰቀል ፖስተር ላይ "ከዚህ ዕድሜ በላይ" የሚል፣ ወላጅ አይቶ የሚገነዘበው ወጥ ምልክት ግን በስፋት አልተለመደም።

ብሪታንያ ይህን ጉዳይ የያዘችበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። የብሪታንያ የፊልም ምደባ ቦርድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ በ1912 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ራሱን የሚያስተዳድረውም ፊልሙ በሚፈጀው ደቂቃ ተሰልቶ ከአቅራቢው በሚሰበስበው ክፍያ ነው። ለሁሉም ከሚፈቀደው "ዩ" እና የወላጅ ምክር ከሚያሻው "ፒጂ" ጀምሮ፣ ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከአዋቂ ጋር ብቻ የሚገባበት "12ኤ"፣ ከዚያም "15" እና "18" የሚሉ ደረጃዎች አሉት። መመዘኛዎቹ ታትመው ይታወቃሉ። አስፈሪነት፣ ጸያፍ ንግግር፣ ወሲብ፣ ሁከት፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ በልጆች ሊኮረጅ የሚችል አደገኛ ድርጊት እያንዳንዳቸው ይመዘናሉ። ውሳኔው ከነምክንያቱ ለሕዝብ ይገለጻል።

ይሁን እንጂ በሲኒማ ቤት የመጨረሻው ሥልጣን የቦርዱ አይደለም፤ የአካባቢው ምክር ቤት ነው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የኬን ሎች "ስዊት ሲክስቲን" የተባለው ፊልም ነው። እ.ኤ.አ በ2002 የወጣው ይህ ፊልም በስኮትላንዷ ግሪኖክ አካባቢ የሚኖር፣ 16ኛ ዓመቱን ሊሞላ የተቃረበ ድሃ ልጅን ታሪክ ይነግራል። ዋና ተዋናዩ ማርቲን ኮምፕስተን ከዚያው አካባቢ የተገኘ፣ ከዚያ በፊት ተውኖ የማያውቅ ወጣት እግር ኳስ ተጫዋች ነበር። ፊልሙ በካን የምርጥ ጽሑፍ ሽልማት ቢያገኝም በውስጡ ባለው ተደጋጋሚ ስድብ ምክንያት ቦርዱ "18" የሚል ደረጃ ሰጠው። በመሆኑም ፊልሙ ስለ እነርሱ የተሠራላቸው ወጣቶች ሊያዩት የማይፈቀድላቸው ሆነ። የአካባቢው ምክር ቤት ጉዳዩን መርምሮ በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ደረጃውን ወደ "15" ዝቅ አደረገው። ምክንያቱም ቃላቱ ለአካባቢው ወጣት አዲስ አልነበሩም፤ ታሪኩ ግን ሊማርበት የሚችል ነበር።

ከዚህ ምሳሌ ለእኛ የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። የዕድሜ ምደባ የሂሳብ ቀመር አይደለም። አንድ ማኅበረሰብ ልጆቹን ከምን መጠበቅ እንዳለበትና ምን ሊነግራቸው እንደሚገባ የሚመክርበት ጉዳይ ነው። "ጤዛ" ውስጥ ግድያ አለ፣ ስቃይ አለ። ታሪኩ ግን የጎንደር ወጣት አያቱና አባቱ ያለፉበት ነው። ይህን ፊልም የ15 ዓመት ልጅ ከመምህሩ ጋር ቢያየው ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል የሚለውን ጥያቄ ከጎንደር ወላጆች፣ መምህራን፣ የሃይማኖት አባቶችና የፊልም ባለሙያዎች የተሻለ ማን ሊመልሰው ይችላል?

ግልጽ ምደባ ሳይኖር ሲቀር ሁለት ጉዳቶች ይከተላሉ። በአንድ በኩል በየሰፈሩ ባሉ ቪዲዮ ቤቶችና በእጅ ስልክ ላይ ሕጻናት ያለ አንዳች ገደብ የአዋቂን ፊልም ያያሉ። በሌላ በኩል መመዘኛው አስቀድሞ ያልታወቀለት አምራች "ይከለክሉብኝ ይሆን?" በሚል ስጋት ቁም ነገሩን ከፊልሙ ያወጣል። ልጁም አልተጠበቀም፤ አዋቂውም ጠንካራ ፊልም አላገኘም። ገንዘብ አውጪውም ፊልሙ ለስንት ተመልካች እንደሚደርስ ማወቅ ስለማይችል እጁን ይሰበስባል። የዕድሜ ምደባ ከገንዘቡ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በብሪታንያ አምራቹ ከገንዘብ ሰጪው ጋር ሲዋዋል ፊልሙ ከየትኛው ደረጃ እንዳያልፍ አስቀድሞ የሚስማማበት ጊዜ አለ፤ መመዘኛው የታወቀ ስለሆነም ጽሑፉን ሲያዘጋጅ ጀምሮ ያስብበታል።

ምን ይደረግ?

ጎንደር የብሪታንያን ያህል ገንዘብ አያስፈልጋትም፤ ልታገኝም አትችልም። ልትወስደው የምትችለው አሠራሩን ነው። በመጀመሪያ፣ ለጀማሪዎች የሚሆን አነስተኛ የፊልም ፈንድ በከተማ አስተዳደሩ፣ በክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮና በአካባቢው ባለሀብቶች ትብብር ሊቋቋም ይችላል። ገንዘቡ ጥቂት ቢሆንም ውድድሩ ግልጽ፣ ዳኞቹ የታወቁ፣ ክፍያውም በሥራው ደረጃ የሚለቀቅ ከሆነ ውጤት ያመጣል። የብሪታንያን የነጥብ መመዘኛ ወደ ራስ በመቀየር ታሪኩ በአካባቢው የሚፈጸም፣ የአካባቢውን ባለሙያ የሚቀጥርና የመጀመሪያ ዕይታውን በጎንደር የሚያደርግ ፊልም ብልጫ እንዲያገኝ ማድረግ ይቻላል። አገራችን ከስድሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የብሔራዊ ሎተሪ ባለቤት መሆኗም መዘንጋት የለበትም። ከዕጣ ትኬት ገቢ ጥቂቱ ለኪነ ጥበብ ቢውል ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ብሪታንያ አሳይታለች።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የቀረጻ ፈቃድ በአንድ ደጅ ተጠይቆ በተወሰነ ቀን ምላሽ የሚያገኝበት አሠራር ያስፈልጋል። ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ የተቋማት ቅንጅትን ብቻ የሚጠይቅ ነው። ቅርሱን የሚጠብቀው ደንብ ተጽፎ ለአምራቹ አስቀድሞ ከተሰጠውም ጥበቃው ይጠናከራል እንጂ አይላላም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የዕድሜ ምደባው ከሳንሱር ተለይቶ፣ መመዘኛው ታትሞ፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ ተገልጾና ይግባኝ የሚባልበት ሆኖ መዘርጋት አለበት። ክፍያ የሚጠየቅ ከሆነም የአነስተኛውን አምራች አቅም ያገናዘበ ሊሆን ይገባል። አገር አቀፍ መመዘኛ ወጥቶ የአካባቢው ማኅበረሰብ በአፈጻጸሙ ድምፅ ቢኖረው የግሪኖክ ልምድ የሚያሳየውን ጥቅም ማግኘት ይቻላል።

በእርግጥ ፈንድና ደንብ ብቻቸውን ጥሩ ፊልም አይሠሩም። ፊልም የሚሠራው የሚናገረው ነገር ያለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በጎንደር ጠፍቶ አያውቅም፤ አባት በመድረክና በብዕር፣ ልጅ በካሜራ ታሪክን የነገሩባት ከተማ ናትና። ጥያቄው ቀጣዩ ባለ ታሪክ ታሪኩን ይዞ ባሕር መሻገር አለበት ወይስ በቀዬው ሆኖ ሊሠራው ይችላል የሚለው ነው። መልሱ በባለሥልጣናቱ፣ በባለሀብቱና በራሳቸው በፊልም ባለሙያዎቹ እጅ ይገኛል። የሚቀጥለው የጎንደር ፊልም በሩቅ አገር ተሸልሞ ወሬው ከመሰማቱ በፊት፣ በጎንደር አዳራሽ ዕድሜው የፈቀደለት የጎንደር ልጅ ከወላጁ ጋር ተቀምጦ የሚያየው እንዲሆን ዛሬ መሥራት ይገባል።